ችግሩ እኛው ግቢ ውስጥ ነበር፦ ከአዘዞ ፒያሳ የተንቀራፈፈው መስመር

አዘዞ ያለው ቅርንጫፋችን ሲቲ ስካን የተከለው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። እኔ በዚህ የግል ሕክምና ማዕከል የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሥራ እሠራለሁ። ዋናው ክሊኒክ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ነው። ማሽኑ አዘዞ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመተማና ከጭልጋ መንገድ የሚመጣ ታማሚ ጎንደር ሳይገባ መጀመሪያ የሚያገኘው አዘዞን ነው። ምስሉን የሚያነቡት ሐኪም ግን ፒያሳ ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ አዘዞ የተነሳው ምስል በኔትወርክ ፒያሳ መድረስ አለበት። ማታ ማታ ደግሞ አዲስ አበባ ላሉ ሌላ ሐኪም እንልካለን።

በሁለት ቅርንጫፎች መካከል መስመር ሲንቀራፈፍ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ሳላውቅ ስድስት ሳምንት አባከንኩ። በሥርዓት ቢያዝ የሁለት ቀን ሥራ ነበር። አሁን በዚያ ሁኔታ ላይ ያላችሁ ካላችሁ፣ ቢያንስ የኔን ስህተት አትድገሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያውን ሳምንት አልረሳውም። አንድ አባት ከጭልጋ በኩል ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ጭንቅላቱን ተመቷል። ምስሉ ቶሎ ተነሳ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር ፍንክች አትልም። ፒያሳ ያሉት ሐኪም ስልክ ይደውላሉ፣ «እስካሁን ግማሹ እንኳ አልደረሰኝም» ይላሉ። አባትየው በሩ ላይ ቆመው «የኔ ልጅ፣ ምን ሆኖ ነው የዘገየው?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሁሉም ምስል እስኪደርስ 27 ደቂቃ ፈጀ። ልጁ ደህና ሆኖ ወጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እህል አልበላሁም።

በማግስቱ ያደረግኩት ምን መሰላችሁ? ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ደውዬ ተቆጣሁ። መስመራችን ያኔ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነበር። ስልኩን ያነሳችው ቴክኒሽያን በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ከእነሱ በኩል ያለውን አይታ ንጹህ ነው አለችኝ። «ላፕቶፕህን ራውተሩ ላይ በቀጥታ ሰክተህ ሞክርልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አለች። ትክክለኛው ምክር ይኼው ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በነጻ። እኔ ግን ከራሷ ላይ ችግሩን ልታወርድ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ከዚያ ሥራ አስኪያጃችን ዘንድ ገብቼ መስመሩ አነስተኛ ስለሆነ ወደ 20 ሜጋቢት እናሳድገው አልኩ። እሳቸውም አምነውኝ ፈረሙ። ወርሃዊ ክፍያችን ጨመረ። መስመሩ የተቀየረ ዕለት ምስል ላክን። 26 ደቂቃ ፈጀ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ፍጥነት ከመጨመራችሁ በፊት ያላችሁን ፍጥነት እየተጠቀማችሁበት መሆኑን አረጋግጡ። ስሌቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። መስመር የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። አንድ የሲቲ ምስል 512 በ512 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ይይዛል። ግማሽ ሜጋባይት ማለት ነው። የአንድ ታማሚ ምርመራ 400 ምስል ቢኖረው 200 ሜጋባይት ይሆናል። በቢት 1600 ሜጋቢት። ይህ በ10 ሜጋቢት መስመር 160 ሰከንድ፣ ማለትም 3 ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ይበቃዋል። እኛ 27 ደቂቃ ስንጠብቅ፣ በተግባር የምናገኘው በሰከንድ 1 ሜጋቢት ገደማ ነበር ማለት ነው። ከአሥር አንዱን ብቻ እየተጠቀምን ሌላ አሥር ገዛን። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ያስቀመጥኩት በአምስተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ ቀን ብሠራው ኖሮ የመስመሩን ስፋት መጠርጠሬን ወዲያው እተው ነበር።

ሌላው ያሳሳተኝ ኢንተርኔት ላይ ያለው የፍጥነት መለኪያ ነው። ፒያሳም አዘዞም ከፍቼ አየሁት፤ ሁለቱም ጋ ጥሩ ቁጥር ሰጠኝ። ለካ ያ ገጽ የሚለካው ከእኔ እስከ ራሱ መለኪያ ሰርቨር ያለውን መንገድ ነው። ከአዘዞ ፒያሳ ያለውን ቪፒኤን፣ ማለትም ሁለቱን ቅርንጫፎች በኢንተርኔት ላይ በምስጢር የሚያገናኘውን መንገድ፣ አያውቀውም። በዚያ ላይ አዘዞ የለካሁት ራውተሩ ካለበት ክፍል ሆኜ ነው፣ ከማሽኑ ክፍል አልነበረም። ይቺ ትንሽ ነገር ብዙ ዋጋ አስከፈለችኝ።

ፒንግም አታለለኝ። ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ የሚለካ ትእዛዝ ነው። ከአዘዞ ፒያሳ ፒንግ ሳደርግ መልሱ ቶሎ ይመጣል፣ የሚጠፋም የለም። «መስመሩ ደህና ነው» ብዬ ደመደምኩ። ነገር ግን ዊንዶውስ ላይ ፒንግ ዝም ብላችሁ ስትልኩት የሚጭነው 32 ባይት ብቻ ነው፣ እሱም በሰከንድ አንዴ። ባዶ አህያ ገደሉን ስላለፈች የተጫነችው ታልፋለች ማለት አይደለም።

በሦስተኛው ሳምንት የሠራሁት ስህተት ከሁሉም የከፋው ነው። ቅዳሜ ማታ ብቻዬን ቀረሁና በአንድ ሌሊት ሦስት ነገር ቀየርኩ። የራውተሩን ሶፍትዌር አዘመንኩ። የቪፒኤኑን የምስጠራ ዓይነት ለወጥኩ። ፒያሳ ያለውን ስዊች (የግቢውን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያገናኘውን ሳጥን) ደግሞ ከመጋዘን ባገኘሁት ሌላ ስዊች ተካሁ። ሲነጋ ቪፒኤኑ ጭራሽ አልነሳ አለ። ከሦስቱ የትኛው እንዳበላሸው ማወቅ አልቻልኩም። እሑድ ቀኑን ሙሉ ምስሉን በፍላሽ እየገለበጥን በባጃጅ ወደ ፒያሳ ላክን። ፍላሹ በ27 ደቂቃ ውስጥ ይደርስ ነበር፤ ይህም አስለቀሰኝ። እባካችሁ አንድ በአንድ ቀይሩ። ቀይራችሁ ለኩ። ለክታችሁ ጻፉ። ካልሠራ ወደ ነበረበት መልሱትና ከዚያ ወደ ሚቀጥለው እለፉ።

ነገሩ የተፈታው ባልጠበቅኩት ሰው ነው። ጄኔሬተራችንን የሚይዙልን አዛውንት አሉ፣ ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ አብረን ስንቀመጥ ጭንቀቴን አይተው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ያን ጊዜ ሐምሌ ላይ መብረቅ ወርዶ የተቃጠለችው ሳጥን፣ የቀየርካት፣ እሷ ደህና ናት?» አሉኝ።

ረስቼዋለሁ። ሙሉ በሙሉ።

አዘዞ ግቢያችን ውስጥ የማሽኑ ክፍል ያለው በጓሮ በኩል ባለው ሕንፃ ነው። ራውተሩ ያለው ደግሞ በፊት ለፊቱ ሕንፃ። መካከላቸው 150 ሜትር ገደማ ነው። የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ከ100 ሜትር በላይ ስለማይወሰድ፣ በፋይበር አገናኝተነዋል፤ በሁለቱም ጫፍ ሚዲያ ኮንቨርተር፣ ማለትም የመዳቡን ምልክት ወደ ፋይበር ብርሃን የሚለውጥ ትንሽ ሳጥን፣ አለ። ሐምሌ ላይ መብረቅ ሲወርድ በጓሮ በኩል ያለው ኮንቨርተር ተቃጠለ። እኔ ራሴ በዚያው ምሽት ዝናብ እየመታኝ ከመጋዘን ሌላ አምጥቼ ሰካሁ። መብራቷ በራ። ፒንግ መለሰ። ሄድኩ። የትም አልጻፍኩትም። ያኔ በጓሮው ሕንፃ የነበረው ተራ የራጅ ማሽን ብቻ ነው። በቀን ጥቂት ፎቶ ይልካል። ትንሽ ቢዘገይ ማንም ልብ አላለውም። ሲቲው ጥቅምት ላይ ሲመጣ ነው ጉዱ የወጣው። እኛም «ሲቲው ከመጣ ወዲህ ነው» እያልን ሐምሌን አላሰብነውም።

ከጋሼ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ያቺ ቴክኒሽያን ያለችኝን አደረግኩ። መንገዱን ቆራርጬ ለካሁ። የተጠቀምኩበት አይፐርፍ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ተቀባይ ታደርጉታላችሁ፣ በሌላው ላይ ላኪ። ባዶ ዳታ እየላከ በመካከላቸው ያለውን ፍጥነት ይነግራችኋል። ዲስክ የለበትም፣ ፋይል የለበትም፣ ስለዚህ የኔትወርኩን ብቻ ታያላችሁ። ሦስተኛው ስሪት የሚያዳምጠው በ5201 ፖርት (የፕሮግራሙ መግቢያ ቁጥር) ላይ ነው፤ ፋየርዎል፣ ማለትም ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግድ ካለ፣ እሱን ክፈቱለት። ላፕቶፖቹን በኬብል ሰኩ። በዋይፋይ ከለካችሁ የምትለኩት ዋይፋዩን ነው።

መጀመሪያ አንዱን ላፕቶፕ አዘዞ ራውተሩ አጠገብ፣ ሌላውን ፒያሳ አደረግኩ። 12 ሜጋቢት አገኘሁ። ከ20 ያነሰ ነው፣ ግን ከ1 በእጅጉ ይበልጣል። ከዚያ ላፕቶፑን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩና ከማሽኑ ክፍል እስከ ራውተሩ ያለውን ብቻ ለካሁ። ይህ በገዛ ግቢያችን ውስጥ ያለ፣ 100 ሜጋቢት ሊያልፍበት የሚገባ መንገድ ነው። 1.1 ሜጋቢት አለኝ። ደገምኩት። 1.0። አይፐርፍ አቅጣጫውን ገልብጦ የሚለካ አማራጭ አለው። ገለበጥኩት። ከራውተሩ ወደ ጓሮ 40 ሆነ።

በሁለቱም አቅጣጫ መለካትን አትርሱ። በአንድ በኩል 40፣ በሌላ በኩል 1 የሚያሳይ መንገድ ጤነኛ አይደለም። እኔ ያን ቁጥር ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከጎንደር ውጭ የፈለግኩት ነገር ከቢሮዬ 150 ሜትር ላይ ነበር።

የጓሮውን ስዊች ገብቼ የፖርቱን፣ ማለትም ኬብሉ የተሰካበትን ቀዳዳ፣ ሁኔታ አየሁ። ፍጥነቱ 100፣ ዱፕሌክሱ ሃፍ ይላል። ሃፍ ማለት መላክና መቀበል በተራ ነው፤ ፉል ማለት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው። ከታች የስህተት ቆጣሪው አለ፤ ሌት ኮሊዥን (ዘግይቶ የመጣ ግጭት) የሚለው በብዙ ሺህ ይቆጠራል፣ ፈተናውን በጀመርኩ ቁጥር ይዘላል። ኮንቨርተሯን ገልብጬ አየሁ። ከጎኗ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለች ነገር አለች። በ100 ፉል ዱፕሌክስ ላይ ተቆልፋለች። የተቃጠለችውን ከመሳቢያ አወጣሁ። የእሷ በአውቶ ላይ ነው።

ይህን ለማታውቁት ላስረዳ፤ ምክንያቱም የትም ቢሮ ሊገጥማችሁ ይችላል። ሁለት መሣሪያዎች በኬብል ሲገናኙ አውቶ ላይ ካሉ ተነጋግረው ይስማማሉ። አንዱ ተቆልፎ ሌላው አውቶ ከሆነ ግን የተቆለፈው አይነጋገርም። አውቶ ያለው ፍጥነቱን ከምልክቱ ይለያል፤ ዱፕሌክሱን ግን ማወቅ ስለማይችል ደንቡ ሃፍ ሁን ይለዋል። አሁን አንድ ድልድይ አስቡ። በዚህ በኩል ያለው ሹፌር ድልድዩ ጠባብ ነው፣ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው ብሎ ያምናል። በዚያ ያለው ሁለት መስመር አለው ብሎ ያምናል፣ ስለዚህ ማንንም ሳይጠብቅ ይነዳል። መኪና ሲያንስ ሁለቱም በሰላም ያልፋሉ። ሲበዛ ይጋጫሉ። ፒንግ ንጹህ የሆነው ለዚህ ነው። ትንንሽ የራጅ ፎቶዎች ያለፉትም ለዚህ ነው። ሲቲው 400 ምስል በአንዴ ሲለቅ ግን ግጭቱ በረከተ። የተጋጨው ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) ይጠፋል፣ መላኩን የሚመራው ደንብ ቲሲፒ ደግሞ ፓኬት ሲጠፋ መስመሩ ተጨናንቋል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እንደገና ቀስ ብሎ ሲነሳ እንደገና ይጠፋል። በተቆለፈው ጫፍ በኩል ሆናችሁ ብታዩት ምልክቱ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚበዛው የሲአርሲ ስህተት፣ ማለትም ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ፣ ነው። ሁለቱን ቆጣሪዎች ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

ያቺን ማብሪያ በጥፍሬ ገፋሁት። አውቶ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ስዊቹ 100 ፉል አለ። ለካሁ። 94 ሜጋቢት። በ100 መስመር ላይ 94 ካያችሁ ሙሉ ነው፤ ቀሪው ለፓኬቶቹ ማሸጊያ የሚሄድ ነው።

ከማሽኑ ክፍል ወጥቼ ጋሼን አቀፍኳቸው። ምን እንደሆነ አልገባቸውም፣ ግን ደስ አላቸው።

እዚህ ላይ ሁሉም አለቀ ብዬ ነበር። በማግስቱ ምስል ስንልክ 27 ደቂቃው ወደ 2 ደቂቃ ከሩብ ወረደ። ሁሉም ሰው አጨበጨበ። ነገር ግን ስሌቱን አሁን ተምሬያለሁ። 1600 ሜጋቢት በ2 ደቂቃ ከሩብ 12 ሜጋቢት ነው። የምንከፍለው ለ20 ነው። ስምንቱ የት ሄደ? አንድ ችግር ሲፈታ ሌላው ከሥሩ ብቅ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል፣ ምክንያቱም ድካሙ ከባድ ነው። እኔም ሁለት ቀን አርፌ ነው የተመለስኩት።

የፒያሳውን ራውተር ሲፒዩ፣ ማለትም የራውተሩን አንጎል፣ ምስል በሚላክበት ሰዓት አየሁት። 97 በመቶ። ቪፒኤን እያንዳንዱን ፓኬት ይመሰጥራል፣ በላዩም የራሱን መሸፈኛ ይጨምራል። ተራ ፓኬት 1500 ባይት ነው። መሸፈኛው ሲጨመርበት ከ1500 ያልፋል፣ መስመሩ ደግሞ ከ1500 በላይ አያሳልፍም። ጤፍ የሞላ ጆንያ በጠባብ በር አልገባ ሲል ሁለት ቦታ ከፍላችሁ ታስገቡታላችሁ አይደል? ራውተሩ የሚያደርገው እሱን ነው። እያንዳንዱን ትልቅ ፓኬት ለሁለት ይከፍላል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ መልሶ ይገጥማል። ሥራው እጥፍ ይሆናል። የኛ ትናንሽ ራውተሮች አልቻሉትም።

ለማረጋገጥ ፒንግን በሌላ መንገድ ተጠቀምኩበት። ፓኬቱ እንዳይከፈል የሚከለክለውን አማራጭ ጨምሬ መጠኑን እየቀያየርኩ ላክሁ። 1472 ብሎ መጀመር ነው፤ 28 ባይት ራስጌ (በፓኬቱ መጀመሪያ ላይ የሚጻፍ አድራሻና መረጃ) ሲጨመርበት 1500 ይሞላልና። 1472 አላለፈም። 1450 አላለፈም። 1410 አለፈ፣ 1411 አላለፈም። 1410 ሲደመር 28፣ 1438። የቪፒኤኑ ትክክለኛ በር ስፋት ይህ ነው። ከዚያ ላይ 40 ባይት ለአይፒና ለቲሲፒ ራስጌ ሲቀነስ 1398 ይቀራል። እኔ ትንሽ ትርፍ ቦታ ልተው ብዬ ሁለቱም ራውተሮች ላይ የኤምኤስኤስ ገደቡን፣ ማለትም አንድ የቲሲፒ ፓኬት ቢበዛ የሚይዘውን ዳታ፣ 1360 አደረግኩት። ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሮቹ ከመጀመሪያው አነስ ያለ ጆንያ ይሞላሉ፣ ራውተሩ አይከፍልም። ሲፒዩው ወደ 60 በመቶ ወረደ። ፍጥነቱ 18.6 ሆነ። ምስሉ በ86 ሰከንድ ደረሰ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ለጥንቃቄ ብላችሁ አይሲኤምፒን (ፒንግም የሚሄድበትን፣ ራውተሮች ችግር የሚያሳውቁበትን የመልእክት ዓይነት) በሙሉ ፋየርዎል ላይ አትዝጉ። መንገዱ ላይ ያለ ራውተር «ይህ ፓኬት በዝቶብኛል፣ አሳንሰህ ላክ» የሚለው በእሱ ነው። ከዘጋችሁት መልእክቱ አይደርስም። መግቢያው ይከፈታል፣ ትልቅ ነገር ሲመጣ ድርቅ ብሎ ይቀራል። የዚህ ዓይነት ምልክት ካያችሁ መጀመሪያ ፋየርዎላችሁን ጠርጥሩ።

የቀረው አዲስ አበባ ነበር። ወደዚያ ስንልክ ከ8 ሜጋቢት ገደማ አይበልጥም፣ ሌሊትም ቀንም። ሁልጊዜ በአንድ ቁጥር ላይ የሚቆም ፍጥነት ካያችሁ መጨናነቅ አይደለም፤ መጨናነቅ ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። እዚያ ያሉት ሐኪም ኮምፒውተር በጣም አሮጌ ነው። ቲሲፒ በ1981 ሲጻፍ ተቀባዩ መልስ ሳይሰጥ ላኪው ሊለቅ የሚችለው ቢበዛ 65,535 ባይት ነበር። በ1992 ይህን የሚያሰፋ ማሻሻያ ወጣ፣ ዛሬ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ይጠቀሙበታል። የሳቸው ላይ ግን ተዘግቷል። ፒንግ የሚመለሰው በ60 ሚሊሰከንድ ነው፤ እሳቸው የሞባይል መስመር ነው የሚጠቀሙት። 65,535 ባይት በየ60 ሚሊሰከንዱ ማለት 8.7 ሜጋቢት ነው። ስሌቱና ያየሁት ገጠሙ።

ከምንጭ ውሃ የቀዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። እንስራው ያው ከሆነ፣ ምንጩ ከራቀ በቀን የምታመጣው ውሃ ያንሳል። መንገዱን ብታሰፋው ለውጥ የለውም። ወይ እንስራውን ማሳደግ ነው፣ ወይ ብዙ ሰው መላክ ነው። በአይፐርፍ አራት ግንኙነት በአንድ ጊዜ ከፍቼ ስለካ ድምሩ 17 ሆነ። ስለዚህ ምስል የሚልከው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አራት ግንኙነት እንዲከፍት አደረግኩት። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ ፕሮግራሙ አንድ ምስል ልኮ «ደርሶኛል» እስኪባል ይጠብቃል፣ ከዚያ ነው ሌላውን የሚልከው። አራት ሲሆኑ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይሠራል።

አንዳንድ ነገር ደግሞ በአጭሩ። ፈተናውን ሥራ በሚበዛበት ሰዓት አታድርጉ፣ በተለይ መስመሩ ቢጨናነቅም በራሱ ፍጥነቱን በማይቀንሰው በዩዲፒ። እኔ አንድ ጊዜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አድርጌው የካርድ ክፍሉን ኮምፒውተሮች በሙሉ አቆምኩ። ስዊች ወይም ራውተር ላይ ለውጥ ስታደርጉ ወዲያው ሴቭ አድርጉ። መብራት በሚጠፋበት አገር ሴቭ ያልተደረገ ማስተካከያ እስከሚቀጥለው መጥፋት ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው። ምርመራውን ስትጀምሩ ደግሞ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ከዚያ በፊት ምን ተቀይሮ ነበር?» በሉ። ጥያቄውንም ለኮምፒውተር ሰው ብቻ አታቅርቡ፤ ጥበቃውን፣ ጽዳት ሠራተኛዋን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጠይቁ። ሳጥኖቹን በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ያቺን ቴክኒሽያን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ችግሩ ምን እንደነበር ነገርኳት። «ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ግን ተመልሶ የሚነግረን የለም» አለችኝ። ሥራ አስኪያጃችንንም ያለ ምክንያት 20 ሜጋቢት እንዳስገዛኋቸው ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «አሁን ግን ይጠቅመናል?» አሉ። ይጠቅመናል አልኳቸው፤ እውነት ነበር። የጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላ፣ የአዘዞው ማሽን ቀን ከሌት ሲሠራ፣ አንድም ምስል 2 ደቂቃ አልደረሰበትም።

አሁን አዘዞ ካቢኔው በር ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ። ከጓሮ እስከ ራውተር 94። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ 18.6። ወደ አዲስ አበባ 17። ከሥሩ ቀንና ፊርማ። በየወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ እለካለሁ። የተቀየረ ዕቃ ካለ እዚያው ይጻፋል፣ ጋሼም እንዲጽፉ እስክሪብቶ አንጠልጥየላቸዋለሁ። ባለፈው ወር ስለካ የመጀመሪያው ቁጥር 31 ሆኖ አገኘሁት። ማንም ገና አላማረረም ነበር። የስዊቹን ቆጣሪ ከፈትኩ፣ የሲአርሲ ስህተት እየጨመረ ነው፣ ዱፕሌክሱ ግን ፉል ነው። ከስዊቹ ወደ ኮንቨርተሯ የሚሄደውን አጭር ኬብል ተከትዬ ሄድኩ። የካቢኔው በር ሲዘጋ ጨፍልቆታል። ቀየርኩት፣ ለካሁ፣ 94 አለ። ቀኑን ጻፍኩና ፈረምኩ።